ኦፕሬሽንስ ማኔጅመንት ልትማሩ ላሰባችሁ፦ ከጎንደር ዳቦ ቤት የተጻፈ

በኦፕሬሽንስ ማኔጅመንት፣ ማለትም ሥራ በስንት ሰው፣ ዕቃና ጊዜ እንደሚሠራ በሚያጠናው ትምህርት፣ ማስተርስ ስጀምር የዳቦ ቤት ሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ዳቦ ቤቱ ከአራዳ ገበያ ብዙም አይርቅም፤ ስሙ ይቅር። ቀን ቀን ዱቄት እረከባለሁ፣ ደረሰኝ እቆርጣለሁ፣ ዳቦ አነሰን ከሚሉ ባለሱቆች ጋር እጨቃጨቃለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ደብተሬን ይዤ በባጃጅ ወደ ክፍል። ፕሮግራሙ የሁለት ዓመት ነው ተብዬ ነው የተመዘገብኩት። ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ፈጀብኝ። ለምን እንደፈጀብኝ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ይህን ትምህርት ሊጀምሩ የሚያስቡ ልጆች ሲያገኙኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ "ሂሳቡ ይከብዳል ወይ?" ብለው ነው። ይከብዳል። ግን አንድ ሴሚስተር ያስጨንቃችኋል፣ ከዚያ እጅ ይለምዳል። ማንም ቀድሞ ያልነገረኝ ሌላ ነገር አለ። ትምህርቱ ያለ አንድ የሥራ ቦታ አይገባም። ደጋግማችሁ የምትሄዱበት፣ ሰዓት ይዛችሁ የምትቆሙበት፣ ሰዎቹ የማያባርሯችሁ አንድ ቦታ ያስፈልጋችኋል። ጋራዥ ይሁን፣ ፋርማሲ ይሁን፣ የአክስታችሁ እንጀራ መሸጫ ይሁን። በመጀመሪያው ሳምንት ምረጡትና እያንዳንዱን ምዕራፍ እዚያ ወስዳችሁ ሞክሩት። እኔ ይህ የገባኝ በሁለተኛው ዓመት ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ቀመር ስሸመድድ አቃጠልኩት፤ የምሠራበት ዳቦ ቤት ዓይኔ ሥር ሆኖ!

መጀመሪያ ስለ ሂሳቡ ልጨርስ። ክፍላችን ውስጥ ግማሹ እንደ እኔ ከማኔጅመንትና ከአካውንቲንግ የመጣ ነው፣ ሌላው ኢንጂነር። አስተማሪው ሊኒየር ፕሮግራሚንግን፣ ማለትም ባለን ውስን ነገር ትልቁን ትርፍ የምናሰላበትን ሂሳብ፣ ሰሌዳው ላይ ሲዘረጋ ኢንጂነሮቹ ስልካቸውን ይነካካሉ፣ እኛን ላብ ያጠምቀናል። ኤክስ እና ዋይ ካየሁ ስምንት ዓመት አልፎኝ ነበር። የሚበቃችሁ ይኼ ነው፦ ሁለት ያልታወቁ ቁጥሮች ያሏቸውን እኩልታዎች መፍታትና በግራፍ መሳል፣ አማካይና ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ ኖርማል ዲስትሪቢዩሽን፣ ትንሽ ፕሮባቢሊቲ፣ ኤክሴል። ከምዝገባ በፊት ባለው ክረምት አንድ ወር ብትቀመጡበት ከግማሽ ክፍሉ ትቀድማላችሁ። የአስራ አንደኛና የአስራ ሁለተኛ ክፍል የሂሳብ መጽሐፍ ይበቃል። ወፍራሙን የፈረንጅ መጽሐፍ በኋላ ትደርሱበታላችሁ።

ሊኒየር ፕሮግራሚንግ የሚፈታበትን ሲምፕሌክስ የሚባል ዘዴ ጆርጅ ዳንዚግ የሚባል አሜሪካዊ በፈረንጆቹ 1947 ነው ያወጣው። በእጅ ሲሠራ ገጽ ሙሉ ሠንጠረዥ ነው፣ አንድ የመቀነስ ስህተት ሁሉንም ይንደዋል። ፈተና ላይ በእጅ ሊያሠሯችሁ ይችላሉ፣ ስለዚህ ሦስት አራት ጊዜ በእጅ ሥሩትና ከዚያ በኋላ ኤክሴል ውስጥ ላለው፣ ሶልቨር ለሚባለው መሣሪያ ተዉት። ሶልቨር መልሱን ሲያወጣ አብሮ የሚሰጣችሁ ሪፖርት ላይ "ሻዶው ፕራይስ" የሚል አምድ አለ። ብዙ ተማሪ አያየውም። ለባለቤት የሚነገረው ግን እሱ ነው። አንድ ተጨማሪ የምድጃ ሰዓት ወይም አንድ ተጨማሪ ኩንታል ዱቄት ቢገኝ ትርፉ በስንት ብር ያድጋል ማለት ነው። ዜሮ ካለ ያ ነገር ተርፏል፣ ገንዘብ አታውጣበት ነው የሚላችሁ።

ወደ ዳቦው ልምጣ።

ባለቤቱን ጋሼ ነው የምንላቸው። ሁለተኛ ምድጃ ለመግዛት ቆርጠው ነበር። ጠዋት ጠዋት ዳቦ ያልቃል፣ ሱቆች ይጮሃሉ፣ ሁሉም ሰው "ምድጃው አልቻለም" ይላል። እኔ ያኔ ክፍል ውስጥ ስለ ማነቆ እየተማርኩ ነበር። ማነቆ የሚለውን ቃል ዜና ላይ በየቀኑ እንሰማዋለን። የመሬት ማነቆ፣ የብድር ማነቆ፣ የውጭ ምንዛሪ ማነቆ። ያልታነቀ ነገር የለም። ኤሊያሁ ጎልድራት የሚባል ፊዚክስ የተማረ እስራኤላዊ ያስፋፋው ሐሳብ ግን ጠበብ ያለ ነው። አንድን የሥራ መስመር በአንድ ወቅት የሚያንቀው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ነው። የመስመሩ ጠቅላላ ምርት ያ ቦታ ከሚያሳልፈው አይበልጥም። ሌላውን ቦታ ብታፋጥኑት ክምር ታበዛላችሁ እንጂ አንዲት ዳቦ አትጨምሩም።

"ጋሼ፣ ምድጃውን ከመግዛትዎ በፊት ሦስት ሌሊት ቆሜ ልይ" አልኳቸው።

"ምን ልታይ? ዳቦ ሲጋገር አይተህ አታውቅም?" አሉኝ። ቆይተው ግን "በል ቁም፣ እንቅልፍህን እንጂ ሌላ የምታጣው የለም" አሉ።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ቆምኩ። የመጀመሪያው ሌሊት የስልኬን ሰዓት ቆጣሪ ከፍቼ ዱቄት ጆንያ ላይ ደብተሬን ዘርግቼ ስጽፍ ዋና ጋጋሪው "አንተ ልጅ፣ ወይ እርዳን ወይ ውጣልን" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ቤቱ ጠባብ ነው። አስር ፓትራዎች፣ ዳቦው ተደርድሮ ምድጃ የሚገባባቸው ትሪዎች፣ ጠርዝ ላይ በማርከር ቁጥር ጻፍኩና እነሱን ብቻ መከተል ጀመርኩ። ዳቦውን ሳይሆን ፓትራውን ለምን እንደተከተልኩ አሁን ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። ቁጥር የሚጻፍበት ነገር እሱ ብቻ ስለነበረ ይመስለኛል።

የአንድ ፓትራ ጉዞ ይኼን ይመስል ነበር። ሊጥ ተድበልብሎ እስኪደረደርበት 15 ደቂቃ። ሊጡ ኩፍ እስኪል 60 ደቂቃ። ምድጃ ገብቶ እስኪወጣ 25 ደቂቃ። ከወጣ በኋላ ደግሞ ዳቦው ላዩ ላይ እንዳለ ግድግዳ ተደግፎ ይበርዳል፣ ከዚያ ይራገፋል፣ ይጠረጋል፣ ይቀባል፤ 50 ደቂቃ። ድምሩ 150 ደቂቃ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል።

ምድጃው በአንድ ጊዜ 12 ፓትራ ይውጣል። በ25 ደቂቃ 12 ማለት በሰዓት ወደ 29 ነው። ግን ያን ሌሊት ከስድስቱ ሰዓት ሁለቱን ያህል ምድጃው ባዶውን ሲግል ነው ያደረው። አልቻለም የተባለው ምድጃ! ሊጥ አለ፣ ሰው አለ፣ እሳት አለ። ፓትራ የለም። ሊጡ ጠረጴዛ ላይ በላስቲክ ተሸፍኖ ይጠብቃል፣ ፓትራዎቹ ደግሞ ትኩስ ዳቦ ተሸክመው ግድግዳ ይጠብቃሉ።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ የተማርናት አንዲት ቀላል ሕግ ትዝ አለችኝ። ጆን ሊትል የሚባል ሰው በፈረንጆቹ 1961 ማረጋገጫዋን ያሳተመላት ናት። በአንድ ሥርዓት ውስጥ በአማካይ ያለው ብዛት፣ በሰዓት የሚያልፈው ብዛት አንዱ በሚቆይበት ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ነው። በቃ። እኛ 48 ደህና ፓትራ ነበረን። አንዱ ዞሮ እስኪመለስ 2 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። 48 ሲካፈል ለ2.5፣ በሰዓት 19 ፓትራ። ጋጋሪ ብትጨምር፣ ብትቆጣ፣ ሁለተኛ ምድጃ ብትገዛ ያው 19 ነው። አንዱን ምድጃ ያለ እረፍት ለመመገብ እንኳን 72 ፓትራ ያስፈልጋል። ሂሳቡን ሦስት ጊዜ ደገምኩት። እንዲህ ቀላል ይሆናል ብዬ አላመንኩም ነበር።

ለጋሼ ስነግራቸው ዝም ብለው አዩኝ። መጀመሪያ ገንዘብ የማይጠይቀውን አደረግን። ዳቦው ከምድጃ እንደወጣ በአስር ደቂቃ ውስጥ ወደ ሽቦ መደርደሪያ ይገለበጥና ፓትራው ይመለስ አልን። ዙሩ ከ150 ወደ 110 ደቂቃ ወረደ፣ በሰዓት ወደ 26 ደረስን። ከዚያ ስምንት ፓትራ አሠራን። 56 ሆነ፣ ምድጃው ሞላ። በዚያው ምድጃ፣ በዚያው ሰው፣ በሰዓት የሚወጣው ዳቦ ግማሽ ያህል ጨመረ።

ይኼን ስናከብር ዋና ጋጋሪው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ፓትራ አነሰን ስል ዓመቴ። እኔ ስናገር ማን ይሰማል፣ አንተ ደብተር ስለያዝክ ነው" አለ። አፈርኩ። እውነት ነው፣ እኔ ራሴ ከአንድም ሁለት ጊዜ "ፓትራ አምጡልን" ሲል ሰምቼው ነጭናጫ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ስለዚህ የሥራ ቦታችሁን ስትመርጡ የመጀመሪያው ሥራችሁ ሠራተኛው ስለምን እንደሚነጫነጭ መጻፍ ይሁን። ልኬቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ኅዳር ገባ። የጎንደርን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሊጥም ይበርደዋል። ኩፍ ለማለት 60 ደቂቃ የሚፈጅበት ወደ 85 ወጣ። ዙሩ 135 ደቂቃ ሆነ፣ 56 ፓትራ በሰዓት 25 ብቻ። ምድጃው እንደገና ባዶውን መቆም ጀመረ፣ ያውም ጥምቀት ሲቃረብና ከተማው በእንግዳ ሊሞላ ሲል። የሊጡን መደርደሪያ ከምድጃው ጀርባ ወዳለችው ሞቃት ክፍል አዛወርን፣ በላስቲክ ሸፈንነው። ወደ 70 ደቂቃ ወረደልን፣ ተነፈስን። ይህን ለማወቅ ደግሞ ቀመር አላስፈለገም፣ "በብርድ ሊጥ ይሰንፋል" ብሎ ጋጋሪው ጥቅምት ላይ ነግሮኛል። እኔ ግን በሰኔ የለካሁትን ቁጥር የዓመቱ አድርጌ ይዤው ነበር። ሦስት ሌሊት ለክተን ጨረስን እንዳትሉ።

ሌላው ዓይኔን የከፈተልኝ የወረፋ ትምህርት ነው። መነሻው ዴንማርክ ነው። ኤርላንግ የሚባል ሂሳብ አዋቂ ኮፐንሃገን ውስጥ ለስልክ ድርጅት ሲሠራ በፈረንጆቹ 1909 ያሳተመው ነው። እኔ ግን የተማርኩት ሰፈራችን ውኃ ሲጠፋ ቦኖ ላይ ነው። ወረፋውን አስቡት። ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል፣ መሃል መሃል ላይ ድንጋይ አለ። ድንጋዩ ሰው ነው፤ ባለቤቱ ቤት ደርሶ ይመጣል። አንድ ቧንቧ፣ አንድ ቀጂ። ጠዋት ወረፋው አምስት ስድስት ጀሪካን ነው። ሰዎች ትንሽ ሲበዙ በአንዴ ሃያ ይሆናል። "ሰው እኮ ያን ያህል አልጨመረም" ትላላችሁ። አልጨመረም።

ቀላሉ የወረፋ ሞዴል፣ አንድ ቧንቧ ያለውና የሰው አመጣጥም የመቅጃው ጊዜም ዝብርቅርቅ የሆነው፣ እንዲህ ይላል። ቧንቧው ከጊዜው 80 በመቶ ከተያዘ በአማካይ እዚያ ያሉት 4 ናቸው። 90 በመቶ ከተያዘ 9። 95 በመቶ ከሆነ 19። ከ90 ወደ 95 ስትሄዱ ሥራው የጨመረው ጥቂት ነው፣ ሰልፉ ግን ከእጥፍ በላይ አድጓል። 100 ላይ ማለቂያ የለውም። ይህን ካየሁ በኋላ "ሠራተኛ አንድ ደቂቃ ሥራ መፍታት የለበትም" የሚል አለቃ ሳይ ሰልፉ ነው የሚታየኝ። መስኮት ላይ ያለው ልጅ ፋታ ካጣ ፋታውን የከፈለው ደጅ የቆመው ሰው ነው። ቁጥሮቹን በቃል መያዝ አያስፈልግም፤ የተያዘውን ክፍል ለቀሪው ማካፈል ነው። 0.8 ሲካፈል ለ0.2፣ 4። ፈተና ላይ ይመጣል።

ፎርካስቲንግ፣ ማለትም የወደፊቱን ሽያጭ መገመት፣ ላይ ደግሞ የተዋረድኩበትን ልንገራችሁ። የዳቦ ሽያጫችን መዝገብ በእኛ ወር ነው የተያዘው። አስራ ሦስቱንም ወር እንዳለ ኤክሴል ላይ ገልብጬ፣ ግራፍ አውጥቼ ክፍል ውስጥ አቀረብኩ። በየዓመቱ መጨረሻ ሽያጩ ገደል ይገባል። አስተማሪው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ "እዚህ ጋ ምን ሆናችሁ? ዳቦ ቤቱ ተቃጠለ?" አለ። ጳጉሜን ነበረች። አምስት ቀን ከሰላሳ ቀን ጎን አሰልፌ ወር ብያት። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ሶፍትዌሩም አስራ ሁለት ወር ነው የሚጠብቀው። መፍትሔው ወርን ትቶ በሳምንት መሥራት ነው። ሳምንት ሁሌም ሰባት ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርብም በቦታቸው ይገኛሉ። ወተትና ኬክ ለሚሸጥ ቤት ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ማለት ሌላ ዓለም ነው።

ከዚያም በዓላቱ አሉ። ጥምቀት ጥር 11 ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ፋሲካ ግን ይንቀሳቀሳል፣ ሃምሳ አምስቱን የጾም ቀን አስከትሎ። ዘንድሮ ሚያዝያን ካለፈው ሚያዝያ ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም፤ ከፋሲካ በፊት ያለውን ሳምንት ከፋሲካ በፊት ካለው ሳምንት ጋር ነው። የሦስት ወር ተንቀሳቃሽ አማካይ፣ ማለትም ያለፉትን ሦስት ወራት አማካይ ለቀጣዩ ወር ግምት፣ ከተጠቀማችሁ የጥምቀትን ጭማሪ እየጎተተ የካቲትና መጋቢት ላይ ይከምርላችኋል፣ ዱቄት ገዝታችሁ ትቀመጣላችሁ። ደግሞ የበዓሉ ዕለት ራሱ የፉርኖ ዳቦ ገበያ ይቀዘቅዛል፣ ሰው ቤቱ ድፎ ደፍቷል። ቡሄም እንዲሁ፣ ሙልሙል በየቤቱ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የትኛውም የፈረንጅ ምሳሌ አይነግራችሁም። መዝገባችሁ ጎን ማስታወሻ ጻፉ።

የዕቃ ክምችት ምዕራፍ ላይ ከአስተማሪው ጋር ተጣላሁ ማለት ይቻላል። ፎርድ ሃሪስ በፈረንጆቹ 1913 ያወጣት ቀመር አለች። በአንድ ጊዜ ስንት ማዘዝ እንዳለብህ ትነግርሃለች። የዓመቱን ፍላጎት በአንድ ትእዛዝ ወጪ አባዛ፣ በሁለት አባዛ፣ አንዱን ዕቃ ዓመት ለማቆየት በሚያስወጣው ወጪ አካፍል፣ ስኩዌር ሩቱን ውሰድ። "ይህ እዚህ አይሠራም" አልኩ። የዱቄት ዋጋ በየሳምንቱ ይቀያየራል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ይጠፋል፤ ቀመሯ ግን ዋጋ ረግቶ፣ ዕቃ በሰዓቱ መጥቶ ነው የምታስበው። አስተማሪው አልተቆጣም። የወጪውን መስመር ሰሌዳው ላይ ሳለና ታችኛውን ክፍል በጠመኔ ደጋግሞ አሰመረበት። ሸለቆ አይደለም፣ ሜዳ ነው። ከተባለው መጠን አንድ ጊዜ ተኩል ብታዝ የማዘዣና የማቆያ ወጪው የሚጨምረው ወደ 8 በመቶ ነው። እጥፉን ብታዝ 25 በመቶ። "እንግዲህ ዋጋ ሊጨምር ነው ብለህ ከጠረጠርክ ሰፊ ሜዳ አለህ፣ እዚያ ላይ በአእምሮህ ተጫወት" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከቀመር የማገኘውን ቁጥር እንደ አድራሻ ሳይሆን እንደ ሰፈር ነው የማየው። በክረምት እርጥበቱንና ነቀዙን አትርሱ እንጂ፤ እነሱም የማቆያ ወጪ ናቸው።

ካይዘንን፣ የጃፓኖቹን ሥራን ቀስ በቀስ የማሻሻል ዘዴ፣ ሁላችሁም ሰምታችኋል። በእኛ አቆጣጠር 2002 ላይ በጃፓኖች እገዛ በ30 ድርጅቶች ተሞከረ፣ በ2004 ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት። አምስቱ "ማ"ዎች፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። ለጉብኝት የሄድንበት አንድ ፋብሪካ ፖስተሩ አዲስ ነበር፣ ከሥሩ የተከመረው የተሰበረ ዕቃ ግን አቧራ ጠጥቷል። ማዝለቅ ላይ ነው የሚሰናከለው። ፈተና ላይ አምስቱን መዘርዘር አያቅትም፤ የጉብኝት ሪፖርት ስትጽፉ ግን ፖስተሩን ትታችሁ ክምሩን እዩ።

አሁን ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ወደፈጀው ነገር ልግባ። መመረቂያ ጽሑፉ።

በእኛ ኮሌጅ የመመረቂያ ርዕስ አንድ ቅርጽ ነበረው። "የእንትን ተጽዕኖ በእንትን አፈጻጸም ላይ፣ በእንትን ድርጅት።" መጠይቅ ታዘጋጃለህ፣ ከ1 እስከ 5 ያለው የሊከርት መለኪያ፣ ለሠራተኞች ትበትናለህ፣ ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ታስገባለህ፣ ተጽዕኖ አለው ይልሃል፣ ትመረቃለህ። መጠይቅ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ሰው ምን እንደሚሰማው ለማወቅ ጥሩ ነው። ግን የምድጃን ባዶ ሰዓት ለማወቅ "ምድጃው በአግባቡ ጥቅም ላይ ይውላል፦ በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ" ብሎ መጠየቅ ምን ይባላል? ለጓደኛዬ መጠይቅ ሳስሞላ አንድ ሠራተኛ "ወንድሜ፣ ሁሉንም 4 ብዬ ቶሎ ብሞላልህ ቅር ይልሃል?" ብሎኛል። ሞላውም።

እኔ ፓትራውን ልጽፍ ፈለግሁ። አማካሪዬ "ይህ ሥራ ነው እንጂ ጥናት አይደለም፣ ቫርያብሎችህ የት አሉ?" አለኝ። ፕሮፖዛሌ ሰባት ወር ተንከባለለ። በዚያ ላይ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ አንዲት ጽሑፍ ለማውረድ ዋይፋይ ፍለጋ ዞርኩ። ያኔ የተማርኩት፣ ኔትወርክ ባለበት ቀን የሚያስፈልጋችሁን ሁሉ በአንዴ አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ፤ ነገ አነበዋለሁ ብላችሁ ሊንክ አትሰብስቡ።

በመጨረሻ የፈታልኝ ክርክር አልነበረም። ተመሳሳይ ዘዴ የተጠቀሙ ሦስት የታተሙ ጥናቶች አትሜ ይዤለት ሄድኩ። አንዱ ከለውጥ በፊትና በኋላ የተለካ የሥራ ጊዜ ነበር። አገላብጦ አየና "እንዲህ ከሆነ ይቻላል" አለ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፣ ያላየውን መፍቀድ ፈርቶ ነው። ስለዚህ ከተለመደው መንገድ መውጣት ከፈለጋችሁ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የዘዴውን ምዕራፍ መጀመሪያ ጻፉ። የትብብር ደብዳቤውን፣ ማኅተም ያለበትን፣ ፕሮፖዛሉ ከመጽደቁ በፊት አስጨርሱ። ድርጅቱ መረጃ ልስጥ ካለ በኋላ ኃላፊ ሲቀየር ወደ ዜሮ የተመለሱ ልጆች አውቃለሁ።

መረጃዬን በሼዋርት ቻርት ነው ያቀረብኩት። ዋልተር ሼዋርት በፈረንጆቹ 1924 ያመጣው የጥራት መቆጣጠሪያ ግራፍ ነው፤ አማካይ መስመር፣ ከላይና ከታች ወሰን። የኅዳሩ ብርድ ከላይኛው ወሰን ወጥቶ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጽሑፌን ፈታኞች ፊት ቀርቤ በተከላከልኩበት ዕለት ፈታኙ "ናሙናህ ስንት ሰው ነው?" አለኝ። "ሰው የለውም፣ ፓትራ ነው" አልኩ። ዝም አለና ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ቀለል አለልኝ።

ጥቃቅን ነገሮች ልጨምር። የቡድን ሥራ ላይ ከአምስቱ ሁለቱ ነው የሚሠራው፤ ይህን ከመጀመሪያው ተቀበሉና ከሚሠራው ሰው ጋር ተቧደኑ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ለእያንዳንዱ ቃል በአማርኛ ለጋጋሪ የምነግረው ዓይነት ማብራሪያ እጽፍ ነበር። ለጋጋሪው ማስረዳት ያቃተኝን ነገር ፈተና ላይም አቅቶኛል፤ ይህ መለኪያ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። ሥራ ፍለጋን በተመለከተ ደግሞ ማስታወቂያዎች ብዙ ጊዜ "ማኔጅመንት ወይም ተዛማጅ" ነው የሚሉት። አንዱ መሥሪያ ቤት ተዛማጅ ነው ይላችኋል፣ ሌላው "ኦፕሬሽን? የሕክምና ነው?" ይላችኋል። የምትፈልጉት የሥራ መደብ ካለ፣ ዲግሪውን ይቀበል እንደሆነ ከመመዝገባችሁ በፊት የሰው ኃይል ክፍሉን ጠይቁ። የእኔ ደመወዝ የጨመረው በዲግሪው ሳይሆን ጋሼ ምድጃ ባለመግዛታቸው ነው።

ዘንድሮ ግን ገዙ። አከፋፋዮቹ በዝተውልናል፣ አንድ ምድጃ በእውነት አልበቃም። ፓትራውንም አብረው አሠሩ፣ ይህን ሳልነግራቸው። እኔ አሁን ሌላ ቦታ ነው የምሠራው፤ ባለፈው ዓርብ ሌሊት ሰላም ልበላቸው ብዬ ጎራ አልኩ። ሁለቱ ምድጃዎች ግለው ባዷቸውን ቆመዋል። ፓትራው ታጥቦ ተደርድሯል። ሊጥ ማቡኪያ ማሽኑ ብቻ ጥግ ላይ እያጓራ ይዞራል፣ ሰዎቹ ሁሉ ዙሪያውን ቆመው ያዩታል። ዋና ጋጋሪው እጁን በሽርጡ ጠረገና "ደብተርህን አላመጣህም?" አለኝ።